እየዘለልኩ የጸለይኩት

አባታችን ሆይን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አጉድዬ ነው የጸለይኩት። የበደሉንን ይቅር እንላለን የምትለዋ ቦታ ላይ ስደርስ ምላሴን ሰብስቤ እዘልላትና ወደሚቀጥለው እገባለሁ። ማንም አላወቀብኝም። ባለቤቴ የሺሃረግ አጠገቤ ቆማ እንኳ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ነው የምታየው።

ሰው ይሄን ሲሰማ ክፋት ይመስለዋል። እኔ ግን እግዚአብሔርን መዋሸት ፈርቼ ነው። ይቅር ያላልኩትን ሰው ይቅር ብዬዋለሁ እያልኩ በየጠዋቱ ከምቀጥፍ፣ ቃሏን ብተዋት ይሻላል ብዬ ነው። ደግሞ ይቅር የማልለው አንድ ሰው ብቻ አልነበረም። ስድስተኛ ክፍል ላይ ሸሚዝህ ተቀዷል ብሎ ከሰልፍ ያስወጣኝ መምህር አለ፤ በዚያው ነው ትምህርቱን የተውኩት። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት የነበረችውን የጎማ ቤቴን ከተማውን ታበላሻለች ብለው ወደ አሰላ ጫፍ፣ ወደ በቆጂ መውጫ የገፉኝ ሰዎች አሉ። የየሺሃረግ እህት ባል አለ፤ በሠርጋችን ቀን «ልጅቷን ጎማ ለሚነፋ ሰው ሰጧት» ብሎ ለጓደኛው ሲያንሾካሹክ በገዛ ጆሮዬ የሰማሁት። ማንንም አልረሳሁም። ዋናው ግን ጋሽ ወልደጻድቅ ነው።

ጋሽ ወልደጻድቅ እህል ነጋዴ ነው፤ የሚካኤል ማኅበራችንም ሙሴ እሱ ነው፤ እሱ ተነሱ ካለ እንነሳለን፣ ተቀመጡ ካለ እንቀመጣለን። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። በሆዴ ግን አንተ ነው የምለው።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የወሩ ተራ የሱ ነበርና ቤቱ ተሰብስበን ነበር። የሁላችንም የንስሐ አባት የሆኑት መምሬ ክንፈ ሚካኤል ዳቦውን ባርከው ቆረሱ። አሳላፊው እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ጎማ ቤቱን በስድስት ሰዓት ዘግቼ፣ እጄን መጀመሪያ በናፍጣ፣ ቀጥሎ በኦሞ፣ በመጨረሻም በሎሚ ታጥቤ ነው የሄድኩት። የጎማ ጥቁረት ግን ቆዳ ውስጥ ይገባል፤ ጥፍር ሥር ያለው ከሰውየው ጋር የሚቀበር ነው። ቁራሹ የተደረደረበትን ሰፌድ አንስቼ ልዞር ስል፣ ጋሽ ወልደጻድቅ ከተቀመጠበት ተነሳና ሰፌዱን ከእጄ ወሰደው።

«አንተ ተቀመጥ ግዛቸው። ዳቦው ጎማ ጎማ እንዳይል» አለ።

ሰው ሳቀ። ብዙም አልሳቀም፤ ለአፍታ ነው። ሰፌዱን አጠገቡ ለነበረ አንድ አስተማሪ ሰጠው። እኔ ተቀመጥኩ። እኔም እንዲያውም ሳቅኩ። ያ ሳቄ ነው አብልጦ ያንገበገበኝ።

በማኅበራችን ደንብ የተጣላ ሰው ካለ ሳይታረቅ ጽዋው አይቀመስም። በየወሩ መምሬ ጽዋውን ከመባረካቸው በፊት «የተቀያየመ አለ? ቂም የያዘ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሁሉም ዝም ይላል። እኔም ዝም እላለሁ። ምን ልበል? የዳቦ ሰፌድ ከእጄ ቀማኝ ብዬ ሽማግሌ ላስቀምጥ? እንደ ሕፃን ነው የሚስቁብኝ። ስለዚህ ጽዋውን ተቀብዬ እጠጣለሁ። ከጋሽ ወልደጻድቅ ጋርም «እንደምን ዋሉ»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» እንባባላለን። አሥራ አንድ ዓመት።

በሰኔ የየሺሃረግ እህት ሐመልማል በቆጂ ላይ አረፈች። ታማ ቆይታ ነበር። የሺሃረግ ቀብር ደርሳ፣ ሰልስቱን ውላ ስትመለስ ሌላ ሰው ሆና መጣች። አላለቀሰችም፤ ለቅሶውን እዚያው ጨርሳው ነው የመጣችው። የጫማዋን ጭቃ በሩ ላይ ካለው ድንጋይ ጋር እያሸች፣

«ሐመልማል ሳትቆርብ ሞተች» አለችኝ።

«ነፍስ ይማር።»

«ለከርሞ እያለች ነው ያለፈባት። ቤቴን ልጨርስ፣ ልጄን ልዳር፣ ከርሞ እቆርባለሁ እያለች።»

«የሁሉም ሰው ነገር እንደዚያው ነው።»

«እኔ እንደዚያው መሆን አልፈልግም። በፍልሰታ እንቁረብ።»

«ቁረቢ። ማን ከለከለሽ?»

«ባል ያላት ሴት ብቻዋን አትቆርብም። መምሬን ጠይቄያቸዋለሁ። ሁለታችሁም ንስሐ ገብታችሁ፣ በአንድ ቀን፣ አብራችሁ ነው አሉኝ። ሃያ ሁለት ዓመት በሰማኒያ ኖርን ግዛቸው፤ ይበቃናል።»

እኔ ያሰብኩት ጾሙን ነው። ስግደቱን ነው። ስግደት ምን ያስፈራኛል፤ ዕድሜዬን ሙሉ መኪና ሥር ተንበርክኬ ነው የኖርኩት። «እሺ» አልኳት። ፊቷ ሲፈታ አየሁት። በኔ ምክንያት የዚያ ዓይነት ፊት ካየሁ ብዙ ጊዜዬ ነበር፤ እና ለሁለት ሦስት ሳምንት ያህል ጥሩ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል መምሬ ጋ ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ጽድ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ የጭላሎን ተራራ ግን ጭጋጉ እስከ ወገቡ ውጦታል። ብርዱ በጋቢም ይገባል። መምሬ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙኛል። መጠጡን ነገርኳቸው፣ መሐላውን ነገርኳቸው። ያለቀ ጎማ ለሾፌር ደህና ነው ብዬ የሰጠሁበትን ቀን ሁሉ ነገርኳቸው። እሳቸው እህ፣ እህ ይላሉ።

«የተጣላኸው ሰው አለ?»

«የለም አባቴ።»

«ከጎረቤት? ከዘመድ?»

«የለም። ከሁሉም ጋር ሰላም ነኝ።»

«ደግ ነው። ምን ምን ትጸልያለህ?»

«እኔ ብዙ አልተማርኩም። አባታችን ሆይን ነው የማውቀው።»

«እሷ ትበቃለች። እስቲ በላትና እፈታሃለሁ።»

ጀመርኩ። እንደ ወትሮዬ በሆዴ ሳይሆን ድምፅ አውጥቼ ነው። ጨርሼ አሜን ስል መምሬ አሜን አላሉም።

«ድገማት» አሉኝ።

ምን እንዳደረግኩ ያን ጊዜ ገባኝ። ሁለተኛ ስጀምር ተጠንቅቄ ነው፤ እያንዳንዷን ቃል እየረገጥኩ። ያችን ቦታ ስደርስ ግን ምላሴ በለመደበት ሄደ። እንኳን እኔ፣ የታዘዘው በሬም የለመደውን ትልም አይለቅም። አልፌያት ሳበቃ ነው ማለፌን ያወቅኩት።

መምሬ ዓይናቸውን ገለጡ። «ልጄ፣ አንዷን ወዴት ጣልካት?»

በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀኝ።

«ማን ነው ሰውየው?»

ነገርኳቸው። ስነግራቸው ነገሩ አነሰብኝ። በሆዴ ውስጥ ተራራ የሚያህለው ነገር ከአፌ ሲወጣ አንድ ሰፌድ ዳቦ ሆነ። ስለዚህ ጨማመርኩበት፤ አሳሳቁን፣ አነሳሱን፣ ሰፌዱን የሰጠው ሰው እንዴት እንዳየኝ። መምሬ አልሳቁም። ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

«እሱ ያውቃል?»

«ምኑን?»

«እንደተቀየምከው።»

«እንዴት አያውቅም? ያደረገው እሱ ነው።»

«ሂድና ታረቀው።»

«እኔ? የሰደበኝ እሱ ሆኖ የምሄደው እኔ?»

«ሐኪም ቤት የሚሄደው የታመመው ነው፤ ያስነጠሰበት አይደለም።»

«ባልታረቅስ አባቴ?»

ጋቢያቸውን ወደ አንገታቸው ሰበሰቡ። «አላቆርብህማ። በመቶ ሠላሳ ጽዋ ላይ ዋሽተኸኛል፤ በዚህኛው ላይ አትዋሸኝም። አንተ ከቀረህ ደግሞ እሷም ቀረች። ለየሺሃረግ እኔ አልነግራትም፤ የምትነግራት አንተ ነህ።»

አልነገርኳትም።

ፍልሰታ ገባ። የሺሃረግ በየቀኑ ቀትር ላይ ነጠላዋን አጣፍታ በዚያ ጭቃ ቅዳሴ ትወጣለች፤ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ትመለስና ሽሮዋን ትቀምሳለች። ከመኝታ ተለያይተናል፤ እሷ መደቡ ላይ ነው የምትተኛው። ዝናብ ስለሆነ የሁለታችንን ነጭ ልብስ አጥባ ቤት ውስጥ በገመድ ሰቅላዋለች፤ በተነሳሁ ቁጥር እጀታው ፊቴን ይነካኛል። ከጎረቤታችን ጋር በጎርፍ መውረጃ ቦይ ምክንያት ሁለት ክረምት ሙሉ ስትነታረክ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት አካፋ ይዛ ወጣችና ቦዩን በኛ በኩል አዙራው ገባች። ምን ሆነሽ ነው ስላት፣ «ደከመኝ» ነው ያለችው። «መጣላቱ ደከመኝ።» ከዚያ ሥራዋን ቀጠለች።

ይሄ እርጋታዋ አናደደኝ። የረጋ ሰው ከጎን ሲኖር የራስ መናወጥ ይታያል። ወጡ ጨው አነሰው እላለሁ፤ ዝም። ዛሬ ምን አዘገየሽ እላለሁ፤ «ሰው በዛ» ትለኛለች። ልትጣላኝ ብትችል ኖሮ ጥፋቱን ለሁለት እናካፍለው ነበር።

በዚያው ሰሞን የዲክሲስ ገበሬ የሆነው ደንበኛዬ ነጋሳ የትራክተር ተጎታች ጎማ ይዞ መጣ። ነጋሳ ጴንጤ ነው። እሱን መጎንተል ሥራዬ ነው፤ እሱም መልስ አያጣም።

«አንተማ ምን አለብህ፤ ጾም የለ፣ ስግደት የለ። እጅህን አንስተህ ሃሌሉያ ብለህ ትገባለህ» አልኩት፣ ጎማውን ከቸርኬው እየፈለቀቅኩ።

«ኦቦ ግዛቸው፣ አንተ ስትጾም ፊትህ ይሄ ከሆነ እኔ ባልጾም ይሻለኛል።»

«ፊቴ ምን ሆነ?»

«ጎማው ራሱ ፈርቶ ነው የተነፈሰው።»

ከውስጡ የአንድ ጣት ሚስማር አወጣሁ። ነጋሳ ተቀብሎኝ እያገላበጠ፣ «አየህ፣ ይሄ ሳይወጣ ቢለጠፍ...» ሲል አቋረጥኩት።

«ስብከትህን እዚያው። ጎማ ጎማ ነው።»

ሳቀ። ሚስማሩን ጣለው። ትንሽ ቆይቶ፣ ሳልጠይቀው፣ ከወንድሙ ጋር በመሬት ወሰን ሦስት ዓመት ፍርድ ቤት ሲመላለሱ እንደኖሩ ነገረኝ። እኔም እንደ ዋዛ፣ «ታዲያ አሁን ታረቃችሁ?» አልኩት።

«እሱ አልታረቀኝም። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት በስሙ እጸልይለታለሁ። እከሌን ባርክ እላለሁ።»

«ከልብህ?»

«መጀመሪያ ጥርሴን ነክሼ ነው። ሚስቴ ጸሎት ነው እርግማን ትለኝ ነበር። ይኸው ሁለተኛ ዓመቴ ነው። አሁን ቢያንስ እንቅልፍ እተኛለሁ።»

«ወሰኑስ?»

«ወሰኑን እሱ ወሰደው» አለና ትከሻውን ነቀነቀ። ጎማውን ጭኖ ሲሄድ የተሸነፈ ሰው መስሎ አልታየኝም። ይሄም አናደደኝ።

ነሐሴ አሥር ቀን የሺሃረግ ከቅዳሴ ስትመለስ፣ «መምሬ አሥራ አራት ቀን ትቆርባላችሁ፣ ግዛቸው ያለበትን ጨርሶ ይምጣ አሉኝ። ምንድነው ያለብህ?» አለችኝ።

«ስግደት ነው። ትንሽ ቀርቶኛል።»

ይሄን ውሸት ከዋሸሁ በኋላ ቤት ውስጥ መቀመጥ አልቻልኩም። በነጋታው ጠዋት ጎማ ቤቱን ሳልከፍት ቀጥ ብዬ ጋሽ ወልደጻድቅ እህል ቤት ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን አጠናሁ። ትሕትና አጠናሁ። ይቅርታ ሲጠይቀኝ ምን እንደምለው ሁሉ አጥንቼ ነበር፤ «የሰው ልጅ ይሳሳታል ጋሽዬ፣ እርስዎም ሰው ነዎት» ልለው።

ጋሽ ወልደጻድቅ በጆንያዎቹ መካከል ወንበሩ ላይ ጋቢ ለብሶ ተቀምጧል። አርጅቷል። ጉልበቱ ላይ የሚሞቅ ነገር አስሯል። ሦስት ገበሬዎች ገብስ አምጥተው እስኪመዘን ይጠብቃሉ። ለብቻው ላናግረው ፈልጌ ነበር፤ «እዚሁ ተናገር፣ መነሳት አልችልም» አለኝ። ተናገርኩ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት በሚካኤል፣ እርስዎ ቤት፣ ሰፌዱን፣ እንዲህ ብለው፣ ሰው ስቆ።

ግንባሩን ቋጠረ። «አላስታውሰውም።»

«ብለዋል ጋሽዬ።»

«ብለዋል ካልከኝ ብያለሁ እንግዲህ። እና ምን ይጠበስ? ይቅርታ ጠይቀኝ ልትለኝ ነው በጠዋቱ የመጣኸው?»

«የለም። እኔ ይቅር ልልዎት ነው የመጣሁት።»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ፊቱ ቀላ። ዱላውን ከጆንያው ላይ አነሳ።

«እኔን? አንተ እኔን ይቅር ልትል? ማን ጠየቀህ?»

«ጋሽዬ፣ ለቁርባን ነው...»

«ለምንም ይሁን። እኔ አንተን አልበደልኩም። እጅህ ጥቁር ነበር፤ ጥቁር ነው አልኩ። ዛሬም ጥቁር ነው፤ እየው። ሂድ፣ ይቅርታህን ለሚፈልገው ስጠው።»

ከገበሬዎቹ አንዱ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አለና ሁለቱ ሳቁ። ምን እንዳለ ሰምቻለሁ፤ አልጽፈውም።

ወጣሁ። ዝናቡ ጀምሮ ነበር። እስከ ቀትር ድረስ መንገድ ለመንገድ ዞርኩ። የሄድኩት አንድ ቂም ላራግፍ ነው፤ የተመለስኩት ሁለት ይዤ። ለመምሬ ታረቅን ብላቸው ማን ያውቃል? አሰብኩት። ጋሽ ወልደጻድቅ ራሱ እስከ ማታ ይረሳዋል። ለአሥራ አንድ ዓመት የዋሸ ሰው አንድ ቀን ቢጨምር ምን ይሆናል አልኩ። እውነቱን ለመናገር ያስቆመኝ እግዚአብሔርን መፍራት አይደለም። ያ ገመድ ላይ ያለው ነጭ ልብስ ነው። እሱን ለብሼ፣ ከሷ ጎን ቆሜ፣ እንደዋሸሁ እያወቅኩ አፌን መክፈት አልሆነልኝም።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ የሺሃረግ ስትገባ ቁጭ ብዬ ጠበቅኳት። ነጠላዋን ሳታወልቅ ሁሉንም ነገርኳት። የዘለልኳትን ቃል፣ መምሬ ያሉኝን፣ የዛሬውን። «አሥራ አራት ቀን አንቆርብም። በኔ ምክንያት ነው» አልኳት።

ቆማ ነበር፤ መደቡ ላይ ተቀመጠች።

«አሥራ አንድ ዓመት?»

«አዎ።»

«በየወሩ ጽዋ እየጠጣህ?»

«አዎ አልኩሽ።»

ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ። ነጠላዋን ቀስ ብላ ከራሷ ላይ አወረደች።

«እኔም መምሬ ጋ ስሄድ ሁለት ቀን ነው የፈጀብኝ» አለች። «አንደኛው ቀን ላይ አልወጣልኝም። ባንተ ነው።»

«በኔ ምን?»

«ሐመልማል በጥር ስትታመም ልሂድ አልኩህ። የዚያን ሰውዬ ደጃፍ አትረግጪም አልከኝ። ባሏ በሠርጋችን ቀን የተናገረውን አንስተህ። በየካቲት ለመንኩህ። በሚያዝያ ለመንኩህ። የሄድኩት ለቀብር ነው ግዛቸው።» ድምጿ አልተነሳም። «እኔ እሷን ውኃ አላጠጣኋትም። አንድ ሰው ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በተናገረው ነገር።»

ገመዱ ላይ ወደተሰቀለው ነጭ ልብስ ዞርኩ።

«ቀብሯ ላይ ቆሜ ጠላሁህ። ሰኔን ሙሉ ጠላሁህ። ወጥ ሳቀርብልህ እየጠላሁህ ነው። ከዚያ በሐምሌ መምሬ ፊት ይቅር አልኩህ። በየቀኑ ነው እንጂ አንድ ጊዜ ብዬ አልጨረስኩትም። ቅዳሴ የምመላለሰው ለምን መሰለህ?»

«ማን ጠየቀሽ?» አልኳት።

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። ጋሽ ወልደጻድቅ ያን ጠዋት ምን ተሰምቶት እንደነበር በዚያች ደቂቃ አወቅኩት፤ ያላሰብከውን ዕዳ ሰው ከፈልኩልህ ሲልህ የሚመጣው ቁጣ ነው። እሷ ታየኛለች። ልትመልስልኝ እንደማትፈልግ ገባኝ፤ መልሱን እኔው እስካገኘው ነው የምትጠብቀው።

እኔ እኮ ሁልጊዜ የተበደለው ሰው ነኝ። መምህሩ በድሎኛል፣ የከተማው ሰዎች በድለውኛል፣ ጋሽ ወልደጻድቅ በድሎኛል። የሰው ቂም ውስጥ የተቀመጥኩ ሰው እንደሆንኩ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ጋሽ ወልደጻድቅ የነጠቀኝ አንድ ሰፌድ ዳቦ ነው። እኔ ከየሺሃረግ የነጠቅኳት እህቷን ነው። እሱ አላስታውስም አለ። እኔም እሷ እስክትነግረኝ ድረስ አላስታወስኩም ነበር።

ተነስቼ እግሯ ሥር ቁጭ አልኩ። «ይቅር በይኝ የሺ።»

«ብዬሃለሁ አልኩህ እኮ።»

«እኔ ጠይቄሽ በይኝ።»

አሁን ነው ያለቀሰችው። «እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አለች። እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ ብዙ ቆየች፤ ክብደቱን እስካሁን አውቀዋለሁ።

ቆይታ፣ «በል፣ አብረን እንበላት» አለችኝ። ገባኝ። ቆመን አባታችን ሆይን ጀመርን። ያችን ቦታ ስንደርስ እሷ አቆመች። እኔም አቆምኩ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ምላሴ ሊያልፋት ሲል ያዝኩት። ጥርሴን ነክሼ ነው ያልኳት፤ ከዚያ በሷ ላይ ወልደጻድቅን ብዬ ስሙን ጨመርኩ። ሰማይ አልተከፈተም። ሆዴም አልቀለለኝም። ብቻ ወደሚቀጥለው ቃል ስሄድ መሬቱ እኩል መሰለኝ፤ ከጉድጓድ ላይ አልዘለልኩም።

በማግስቱ ማለዳ መምሬ ጋ ሄድኩ። ሳልጀምር፣ «አባረረህ አሉ» አሉኝ። አሰላ ወሬ አያድርባትም።

«አዎ አባቴ። ይቅርታዬን አልተቀበለም።»

«የሱ በር የሱ ነው። ያንተስ?»

«ትናንት ማታ ብዬዋለሁ። ዛሬ ጠዋትም ብዬዋለሁ፤ ግን ግድ ብዬ ነው። ለነገ ለራሴ ዋስ አልሆንም።»

«ዋስ ማን ጠየቀህ? የነገውን ነገ ትለዋለህ። አንዴ ተብሎ የሚያልቅ ቢሆን በየዕለቱ ጸልዩ ባልተባልን ነበር» አሉና መስቀላቸውን ራሴ ላይ አደረጉ። የፈቱኝ ያን ቀን ነው። እንደሚፈቱኝ አልጠበቅኩም ነበር።

ነሐሴ አሥራ አራት ቀን ቆረብን። ስለ ውስጡ ብዙ የምለው የለኝም፤ ሰው ብዙ ነበር፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል፣ ከእጣኑ ብዛት የሺሃረግ ታስላለች። ልብሱ ትንሽ ጠቦኝ ነበር። ተራችን ሲደርስ ቀድማኝ ሄደች፤ ተከተልኳት። ሌላ ጊዜ ሰው መሃል ስቆም ማን እያየኝ ነው እል ነበር። ያን ጊዜ ያየሁት የፊት ለፊቴን ሴት ተረከዝ ብቻ ነው።

ስንወጣ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። የቆረበ ሰው አፉን በነጠላ ሸፍኖ፣ ከማንም ጋር ሳያወራ ቤቱ ይገባል። እኛም እንደዚያው ሸፍነን ወጣን። በሩ ላይ፣ ከጥላ ሥር፣ ጋሽ ወልደጻድቅ ከሁለት የማኅበራችን ሰዎች ጋር ተቀምጧል። ሰዎቹ «እንኳን ለዚህ አበቃችሁ» ብለው ተነሱልን። እሱ ጉልበቱን ይዞ ተቀምጦ ቀረ።

«ጎሚስታውም ቆረበ?» አለ፣ እንድሰማው አድርጎ። «እንግዲህ ጎማውም ሊጸድቅ ነው።»

የሚመለስ መልስ ነበረኝ። ጥሩ መልስ ነበር፤ ሰምቼው ሳልጨርስ ነው የመጣልኝ። ደሜ ጆሮዬ ድረስ ወጣ። ነጠላው አፌ ላይ ነው። የሺሃረግ እጀታዬን ያዘች። ቆሜ ፊቱን አየሁት፤ ሸምግሏል፣ ብርድ ላይ ነው የተቀመጠው፣ እሱ ራሱ ቆርቦ አያውቅም። ለሽማግሌ እንደሚደረገው ራሴን ዝቅ አድርጌ እጅ ነሳሁት። ይሳቅ ዝም ይበል አላየሁም፤ አልፌዋለሁ።

ቁልቁለቱን በጭቃው ተያይዘን ወረድን። አንዲት ቃል አልተነጋገርንም። ቤት ገብተን፣ እግራችንን አድርቀን፣ ከተቀመጥን በኋላ ነው የሺሃረግ ነጠላዋን ከአፏ ያነሳችው።

«ተናደድክ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«አሁንስ?»

ሆዴን አዳመጥኩት። መዋሸት አልፈለግኩም።

«አሁንም አለ። ትንሽ።»

«ትንሽ ደግ ነው» አለችና ሽሮውን ልትጥድ ተነሳች።